ከመቶ የአንዱ ሩብ

ደብዳቤው ማክሰኞ መጣ፣ ዝናብ ማኅተሙን ነክቶታል፤
ፖስተኛው በር አላንኳኳም፣ በመዝጊያው ሥር አሾልኮታል።
መነጽሬን ከኪስ ኪሴ ስፈልግ ቆየሁ ጥቂት፣
እኔ የሠፈር ክለብ ገንዘብ ያዥ፣ ያለ ደሞዝ ሠላሳ ክረምት፣
ከሞንቴቪዴዎ ኮረብታ ሥር፣ ባሕር ከሚመስለው ወንዝ ዳር፣
ሜዳችን ግማሹ ሣር፣ ግማሹ ጠጠር።

«ሊሳንድሮ ባሬይሮ» ይላል፣ «ከፖርቱጋል ጀርመን ተሽጧል፤
ላሳደጉት የሚገባው ከዋጋው ላይ ተቀንሷል።
ሦስት ዓመት ነበር እናንተ ዘንድ፤ ለዓመቱ ከመቶ የአንዱ ሩብ፣
የባንክ ቁጥር ላኩልን፣ አድራሻችሁም ይጻፍ በደንብ።»

ሦስት?
ልጁ የመጣው በስድስት ዓመቱ ነው፤
መዝገቡን ገልጬ አየሁ፣ ይኸው በእጄ ጽፌዋለሁ።
እንደገና ደብዳቤውን። ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦
ዓመት የሚቆጠረው ልጁ አሥራ ሁለት ሲሞላ ይጀምራል።

ታዲያ ከዚያ በፊትስ የት ነበረ? በየትኛው አገር ኖረ?
ጣቶቹ ጋ ጋዜጣ ጠቅጥቆ በወንድሙ ጫማ ጀመረ፤
እናቱ ሚርታ ሥጋ ፋብሪካ የሌሊት ተረኛ ስትሆን
የኳስ ከረጢት ላይ ተኝቶ እኔ ቢሮ ስንቴ አደረ።

ግራ እግሩን የሠራው ታባሬ ነው። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነበር።
«ቀኝ ጫማህን አውልቅ» አለው፣ «በካልሲ ቁም እዚያ ጠጠር።»
ቀኙ ብርድና ድንጋይ ሲሸሽ፣ ግራው ሥራ ለመደ፤
አንድ ክረምት፣ ሁለት ክረምት፣ ኳሱ በግራ ሄደ።
ጀርመኖቹ የገዙት ያንን ግራ እግር ነው።
በደብዳቤው ስሌት ግን
ዋጋው ባዶ ነው።

አሥራ አምስት ሊሞላው ሲል ትልቁ ክለብ ወሰደ፣ እሱንና ማይኮልን፣ ሁለቱን፤
አልጋ ሰጧቸው፣ የአውቶቡስ ገንዘብ፣ ምሳና እራቱን።
ደሞዝ? «ቆዩ፣ ገና ናችሁ።» ወኪል ግን ቶሎ መጣ፣
ለሚርታ ማቀዝቀዣ ገዝቶ፣ ፊርማዋን ይዞ ወጣ።

ማይኮል ይበልጥ ነበር። ይህን ማንም አይክደውም።
በአሥራ ሰባቱ «እናመሰግናለን» አሉት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።
የመመለሻውን ቲኬት ራሱ ከፍሎ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ገባ።
አሁን ማቀዝቀዣ ይጠግናል። የሚርታንም ጠግኗል፣ ሁለቴ።
ቅዳሜ ቅዳሜ ኖራ በባልዲ በጥብጦ
የሜዳውን መስመር ያሰምርልናል፣
ክር እንደተወጠረ ቀጥ ያለ መስመር።
በእሱ ስም የመጣ ደብዳቤ የለም።

ሐሙስ ማታ ተሰበሰብን። አንዱ ጣራ፣ አንዱ አምፖል፣ አንዱ የሞቀ ውሃ፤
ገና ባልጨበጠው ገንዘብ እንዲህ ይጣላል ድሃ።
ሚርታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ የፋብሪካ ቦቲዋን እንዳደረገች፤
«እስኪ ደንቡን አንብበው፣ ለእናት ስንት ይላል?» አለች።
አገላበጥኩ። ክለብ ይላል፣ ፌዴሬሽን ይላል፣ የዝውውር ቀን፤
እናት የሚል ቃል የለም። መነጽሬን አወለቅሁ። ዝም አልን።

እሷ ግን ሳቀች። «በሉ ማሞቂያውን ግዙ» አለች፤ «ስድስት ዓመት
እግሩ በረዶ ሆኖ እየመጣ፣ በብብቴ ነው ያሞቅኩት።»

ሰው ሲበተን እኔ ቀረሁ። ጣራው ጠብ፣ ጠብ ይላል ባልዲው ላይ።
መዝገቡን ከፈትኩ፣ አዲስ ገጽ፦
«ዲላን ኦሊቬራ። ዕድሜ፦ ስድስት። ጫማ፦ የእኅቱ።»
የመጨረሻውን ዓምድ ባዶ ልተወው ነበር፤ እጄ እምቢ አለ።
በእርሳስ፣ በቀላሉ በሚጠፋ፣
«ሩብ» ብዬ ጻፍኩ።

ውጭ፣ በቀረችን አንዲት አምፖል ሥር፣
ታባሬ ይጮኻል፦
«ቀኝ ጫማህን አውልቅ!»